በሚሉንካ ጭን ውስጥ የነበረው ሞላ

እህቴ ሚሉንካ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና መንዳት ስታስተምር ኖራለች። በሰርቢያ፣ በቲሞክ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን መሪ ከሚጨብጠው ሰው ግማሹ የእሷን ስድብ እየጠጣ የተማረ ነው። የጥርስ ሐኪማችንን «አንቺ ድንጋይ፣ ማርሽ ነው እንጂ ጥርስ አይደለም፣ አትንቀይው!» ብላታለች። ቄሳችንን ደግሞ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያየናል ብለው መስታወቱን ካላዩ ዛሬ አብረን ነው የምንሄደው» ስትላቸው እኔው ራሴ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማንም አይቀየማትም። የምትጮኸው የሰው ነፍስ በቀኝ እግሯ ስር ስላለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለው፤ ተማሪው ሲደነግጥ እሷ ትረግጣለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አልገጨችም።

አላገባችም። አባታችን በሠራው ቤት ውስጥ እሷ ላይኛው ፎቅ፣ እኔና ባለቤቴ ስላቪትሳ ታች፣ እየተጯጯህን አብረን አረጀን። ሲጋራዋን ግን ማናችንም ልናስጥላት አልቻልንም። «ቲሆሚር፣ አንተ ራኪያህን፣ ያን አረቄህን፣ ስታቆም ያን ጊዜ ንገረኝ» ትለኛለች።

ስልሳውን ካለፈች በኋላ ቀኝ ባቷ ይይዛት ጀመር። ወደ ገበያ ትንሽ እንደሄደች በጉጠት እንደተያዘ ሰው ቀጥ ትላለች፣ ትንሽ ስትቆም ይለቃታል፣ እንደገና ትሄዳለች። መንገድ መሐል መገተር ስላፈረች የምትቆመው በሱቅ መስኮት ፊት ነበር። አንድ ቀን ባለ ጫማ ሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ሚሉንካ፣ ይህን ጫማ እንዲህ ከወደድሽው ግቢና ለኪው እንጂ» አላት።

«ዞር በል! ጫማህን ማን ያየዋል፣ እግሬን እያሳረፍኩ ነው!»

በመጨረሻ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ጭኗ ውስጥ ያለው የደም ቧንቧ ጠቧል ተባለ። በትልቁ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ራዲሳቭ የሚባል፣ ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ፈገግታው የማይለየው ሰው፣ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከሽቦ የተጠለፈ ስቴንት የሚሉትን ነገር ቧንቧው ውስጥ ዘረጋበት። ሚሉንካ ስቴንት ማለት አልሆንላት ስላለ «ሞላው» ብላ ጠራችው፤ የእስክሪብቶ ሞላ እንደማለት። ሥራው በአንድ ጊዜ አላለቀም። ደሙ እዚያው ረግቶ ስለደፈነው፣ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት እንዲንጠባጠብበት ቱቦውን ብሽሽቷ ውስጥ ትተውት አደረ፤ በማግስቱም በዚያው ቀዳዳ እንደገና ገቡ። ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብንበትም። እግሯ ሞቀ፣ ተረከዟ ቀላ፣ ዶክተሩም ደስ አለው።

ደስታውማ ለእኛም ነበር። እህቴ ገበያ ደርሳ ሁለት ዘንቢል ቃሪያ ተሸክማ አንዴም ሳትቆም ተመለሰች። በጫማ ሱቁ በኩል ስታልፍ ሰውየውን በእጇ ሰላም ብላ አለፈችው።

አንድ ወር ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ጀመራት። ቴዎዶራ ከምትባል ተማሪዋ ጋር መኪና ውስጥ ሳለች ብርዱ ከጥርሷ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ አንዘፈዘፋት። ልጅቷ በአደባባዩ ስትዞር ተሳስታ ቤንዚን ስትሰጥ ሚሉንካ ፍሬኑን ልትረግጥ እግሯን ብታዘው ዘገየባት። መኪናው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ የጋዜጣ መሸጫውን ኪዮስክ ጠርዝ ገጨ። ሰው አልተነካም። ልጅቷ ስታለቅስ ሚሉንካ አልተሳደበችም፤ ቤት ገብታም ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። የከፋ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

የቤተሰብ ሐኪማችን ዶክተር ልዩቢትሳ ጎበዝ ሴት ናት፤ በቀን የምታየው ሰው ግን ቁጥር የለውም። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ በዓይኗ እየቆጠረች ነበር ሚሉንካን የመረመረቻት።

«ጉንፋን ነው፣ ቴታ ሚሉንካ። ከተማው ሁሉ ታሟል። ተኚና ትኩስ ነገር ጠጪ።» ቴታ ማለት አክስት ነው፤ ከእሷ መንዳት የተማረ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት።

ተኛች፣ ጠጣች። ጉንፋኑ ግን ንፍጥ የለው፣ ሳል የለው። ትኩሳቱ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል። ቀጥሎ ጭኗን ከውስጥ ይጠዘጥዛት ጀመር። ልዩቢትሳ እረፍት ወጥታ ስለነበር በእሷ ቦታ የተተካው ሐኪም «የወገብ ነርቭ ነው» ብሎ መርፌ አዘዘ። መርፌው ለቂጧ ሕመም ጨመረላት እንጂ ለጭኗ ምንም አልፈየደም።

ከዚያ ነጠብጣቦቹ መጡ። ቀኝ እግሯ ላይ ብቻ፣ በጣቶቿና በውስጥ እግሯ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ የተደረጉ የሚመስሉ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች። ሲጫኗቸው አይጠፉም፤ አንዳንዶቹ ያማሉ። ልዩቢትሳ ተመልሳ ስለነበር አሳየናት።

«የካልሲ አለርጂ ይመስላል» አለች። «የልብስ ሳሙና ቀይረሻል?»

«ሳሙና?» አለች ሚሉንካ። «ሳሙናው ግራ እግሬን አያውቀውም ወይ? ሁለቱንም ካልሲ በአንድ ማሽን ነው የማጥበው!»

ልዩቢትሳ ሳቀች፤ እኛም አብረን ሳቅን። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ እንደ ቀልድ አሳለፍነው። ለማንኛውም ተብሎ የአንቲባዮቲክ ኪኒን ታዘዘላት። ስትውጠው ትኩሳቱ ጠፋ፣ ነጠብጣቡ ደበዘዘ፣ እሷም ማስተማር ጀመረች። ኪኒኑ ባለቀ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ሌላ ኪኒን፣ እንደገና መሻል፣ እንደገና መመለስ። በጋው በሙሉ እንዲህ አለቀ። ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ስላቪትሳ ምግብ ይዛ ትወጣለች፣ እንደነበረ ይዛ ትወርዳለች።

«ሞላውን ያስገባው ሰው ዘንድ እንሂድ» አልኳት።

ዶክተር ራዲሳቭ በደስታ ነው የተቀበለን። ጭኗ ላይ ቅባት ቀብቶ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አንሸራተተ፤ የደሙ ድምፅ ሿ ሿ ሲል ክፍሉን ሞላው።

«ይስሙት!» አለን። «ወንዝ ነው! እንዲህ ያለ ክፍት ስቴንት በየቀኑ አላይም።»

«ታዲያ ትኩሳቱ ከየት ይመጣል ዶክተር?» አልኩት።

«ከየትም ሊሆን ይችላል። ከሽንት፣ ከጥርስ፣ ከሳንባ። ከእኔ ሥራ ግን አይደለም።»

ሚሉንካ ቅባቱን በወረቀት እየጠረገች፣ «ምናልባት ሞላው ዝጎ ይሆን?» አለችው።

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ከልቡ ሳቀ። «እሱ አይዝግም፣ እመቤት ሚሉንካ። ከእርስዎም ከእኔም ዕድሜ በላይ ይኖራል።»

ስንመለስ እኔ ስነዳ ስለ መታጠፊያዬም ስለ ፍጥነቴም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቤት ደረስን። ከመኪናው ልወርድ ስል ግን ክንዴን ያዘችኝ። «ሰውየው ሿ ሿውን ሰማ እንጂ እኔን አልሰማኝም» አለች።

መስከረም ላይ ግቢያችን ውስጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበስን ነበር፤ በየዓመቱ ለክረምት የሚቀመጠውን አይቫር የሚባል የቃሪያ ድልህ የምንሠራበት ቀን ነው። ሚሉንካ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተጠበሰውን ትልጣለች፣ ስላቪትሳን «ፍሬውን አውጪ እንጂ፣ ለጥርሳችን አታዝኚም?» እያለች ትነዘንዛለች። ብድግ ለማለት ስትሞክር ቀኝ እግሯ ከዳትና ከነሳህኑ ወደቀች። ሳነሳት ሰውነቷ ከምድጃው ይልቅ ይፋጃል። ትንሿ ጣቷና አጠገቧ ያለችው ጣት ጠቁረዋል። ብሽሽቷ አጠገብ ደግሞ እንደ ዋልነት የጠጠረ እብጠት ነበር፤ ለካ ብዙ ቀን ደብቃን ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ለማን ልንገር? ለሳሙናው?»

የከተማችን ሆስፒታል አንድ ቀን እንኳ አላቆያትም፤ በአምቡላንስ ቤልግሬድ ላኳት። እዚያ የተቀበለችን የተላላፊ በሽታ ሐኪም ዶክተር ኔቬና ትባላለች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የሁለቱንም እግር ካልሲ ማውለቅ ነው። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። ግራው እንደ ወትሮው ነው። ቀኙ ነጠብጣብ በነጠብጣብ።

«ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» አለቻት።

«ሞላ አለኝ» አለች ሚሉንካ፣ ጭኗን እየነካች።

«ከየትኛው በኩል?»

«ከዚሁ ካበደው በኩል።»

ዶክተር ኔቬና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይህ ነጠብጣብ የቆዳ በሽታ አይደለም» አለች። «ስቴንቱ ላይ ጀርም ሰፍሮበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ደሙ በዚያ ባለፈ ቁጥር ጀርም ያለበትን ቅንጣት እየቦጨቀ ወደ ታች ይወስዳል፤ ቅንጣቱም ትናንሾቹ ቧንቧዎች ውስጥ ሄዶ ይወሸቃል። ለዚህ ነው ይህ እግር ብቻ ነጠብጣብ የሚያወጣው። ትኩሳቱም፣ የጭኑ ሕመምም፣ ጣቶቹም ከዚያው ነው።»

«ግን እኮ ክፍት ነው አሉን» አልኩ እኔ። «ደሙ እንደ ወንዝ ይሄዳል አሉን።»

«ክፍት መሆንና ንጹሕ መሆን ለየቅል ናቸው» አለችኝ።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስታለቅስ ያየኋት እናታችን የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀንም አላለቀሰችም።

አሁን ያወጡታል ብለን ስንጠብቅ ሌላ ብስጭት መጣ። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ምንም ጀርም አላሳየም። በጋውን በሙሉ የዋጠችው ኪኒን ጀርሙን ሳይገድለው ደብቆታል አሉ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ በስቴንቱ ዙሪያ ፈሳሽ መቋጠሩን፣ የቧንቧው ግድግዳም በአንድ በኩል ወጣ ማለት መጀመሩን አሳየ። ዶክተር ኔቬና ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተመካክራ መጣችና አንቲባዮቲኩን ለጥቂት ጊዜ እንደሚያቆሙት፣ ትኩሳቱ ሲነሳ ደሟን እንደገና እንደሚወስዱ ነገረችን።

ሚሉንካ ተቀምጣ ጮኸች። «እንድታመም ነው የምትጠብቁት? ከዚህ በላይ እንድታመም? አውጡልኝ እያልኳችሁ!»

«እናወጣዋለን። ግን የምንዋጋው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ካወጣነው፣ የምናስገባውን አዲስ ቧንቧም ያበላሽብናል። እርስዎ ተማሪዎን የት እንደሚሄድ ሳይነግርዎት መኪና ያስነዱታል?»

«በመኪና አታምጪብኝ፣ ልጄ! መኪናውን እኔ አውቃለሁ!»

ግን ተመልሳ ተኛች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሰው ትኩሳት እንዲነሳ መጠበቅን የመሰለ ነገር ለጠላቴም አልመኝም። ሙቀት በለኩ ቁጥር ቁጥሩን ታየውና፣ «አልመጣም፤ ሲፈልጉት ይጠፋል፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ» ትላለች።

መጣ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ አንዘፈዘፋት። ነርሶቹ ከሁለቱም ክንዶቿ ደም ቀዱ። በማግስቱ እብጠቱ ላይ እጇን ስታሳርፍ ከልቧ ጋር ሲመታ ሰማችው፤ ጠራችኝና የእኔን እጅ አስቀመጠችበት። ቆዳው ስር የሆነ ነገር ዱብ ዱብ ይላል። ነርሷን ለመጥራት ስሮጥ ጫማዬ ከእግሬ ወለቀ። ዳግመኛ ስካን ሲነሳ የሳሳው የቧንቧ ግድግዳ ተነፍቶ ሊፈነዳ መቃረቡ ታየ። በዚያው ቀን የደሙ ውጤት ደረሰ፤ ጀርሙ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ያ ቱቦ ያደረበትን በመሰለ ቀዳዳ መግባት የሚወድ ዓይነት ነበር። ስሙን ነግረውኛል፣ እኔ ግን መያዝ አልፈለግሁም።

ቀዶ ሐኪሙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ስቴንቱን ከተበላሸው የቧንቧ ቁራጭ ጋር ቆርጦ እንደሚያወጣ፣ መግሉን እንደሚያጥብ፣ በምትኩ ከግራ እግሯ የራሷን ደም ሥር ወስዶ እንደሚተካ ነገራት። ፕላስቲክ ቢያስገባ ጀርሙ ተመልሶ ሊሰፍርበት ይችላል፤ የራሷ ሥጋ ግን የተሻለ ይቋቋማል። «እግሩን ላናተርፈው እንችላለን» አለ። «እሱንም አውቀው ይግቡ።»

«ከስንት ሰው አንዱ ነው እግሩን የሚያጣው?»

«ቁጥር ብነግርዎት አይጠቅምዎትም።»

«በጋውን በሙሉ ቁጥር ነግረውኝ የማያውቁ ሰዎች መሐል ነው የከረምኩት። ግቡ በቃ» ብላ ፈረመች።

ቀኑን ሙሉ ቀዶ ጥገናው ላይ ነበሩ። ሲወጡ እግሩ ተርፏል አሉን። ሁለቱ የጠቆሩ ጣቶች ግን አልተረፉም፤ ቆየት ብለው ቆረጧቸው። ከዚያ ከሳምንት ሳምንት በደም ሥሯ መድኃኒት እየገባላት ተኛች። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሴቶች ምን እንዳሳለፉ አምላክ ይወቅላቸው። ሾርባው ውሃ ነው፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ ነርሷ ጋሪዋን ስትገፋ ጥግ አትይዝም እያለች ታማርራለች። ሲጋራውን አቁመሻል ሲሏት፣ «ያቆምኩት እናንተን ደስ እንዲላችሁ አይደለም» አለቻቸው። ግን አቆመች።

ልዩቢትሳ አንድ እሑድ መጣች። ያን ያህል መንገድ በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ራሷ የጋገረችውን የአይብ ቂጣ ይዛ። በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት።

«ግቢ እንጂ፣ ብርድ ታስገቢያለሽ» አለቻት ሚሉንካ።

«ቴታ ሚሉንካ፣ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አላየሁም ነበር» አለች ልዩቢትሳ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አሁን ብረት የገባለት ሰው ትኩሳት አለኝ ሲለኝ ኪኒን ከመስጠቴ በፊት ደም እልካለሁ።»

«ለእኔ ምን ይረባኛል?» አለች እህቴ። ቂጣውን ግን በላች፤ ጨው አነሰው አለች።

ዶክተር ራዲሳቭ ዘንድ የሄደችው ለገና ጥቂት ሲቀር ነው፣ በምርኩዝ። አብሬያት ገባሁ። ከቤልግሬድ የመጣውን የሕክምና ማጠቃለያ ካነበበ በኋላ ያ ፈገግታው ፊቱ ላይ አልነበረም። ወረቀቱን አጠፈና፣ «ይህ እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። በሥራ ዘመኔ አላየሁም» አላት።

«አይተኸዋል» አለችው ሚሉንካ፣ አንቱታውን ትታ። «እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼልህ አይተኸዋል። አላወቅኸውም እንጂ።»

«ቧንቧው ክፍት ስለነበር...»

«ክፍት ነበር! ሿ ሿ ይል ነበር! አንድ ጊዜ እንኳ ካልሲዬን አስወልቀኸኛል?»

አንገቱን ደፋ። ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተመ፤ እኔ ሰማሁት፣ እሷ ግን አልሰማሁም ብላ እስከ ዛሬ ትከራከረኛለች። ስንወጣ በሩን በኃይል ልትዘጋው ብላ ነበር፤ በሩ በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ሆነባት። እሱም አናደዳት።

የአስተማሪነት ፈቃዷን አላደሱላትም። ሐኪሞቹ መሣሪያ ላይ አስረግጠዋት እግሯ ፍሬን በቶሎና በጉልበት ለመርገጥ አይበቃም አሉ። ተከራከረች፣ ሁለተኛ ጊዜ ተፈተነች፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። የሚገርመው በዚህ ላይ አልጮኸችም። «ትክክል ናቸው» አለችኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ። «እኔ ብሆንም ለዚህ እግር የሰው ነፍስ አልሰጥም።» እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አሁን የመንገድ ሕግ በክፍል ውስጥ ታስተምራለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ማሞቂያው አይሠራም፣ ተማሪዎቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ ሁሉንም በየቀኑ ትነግረናለች። በእግሯ እስከ ወንዙ ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ እያዘነበለች፣ ግን ትሄዳለች። ለክትትል ቤልግሬድ የምወስዳት እኔ ነኝ። ባለፈው ጸደይ ዶክተር ኔቬና እብጠት የነበረበትን ዳስሳ፣ የሁለቱንም እግሮች ካልሲ አስወልቃ አይታ፣ የደም ውጤቱንም ተመልክታ፣ «ንጹሕ ነው። ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ቢመጡ ይበቃል» አለቻት።

ሰው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እህቴ ካልሲዋን እያጠለቀች ቀና አለች።

«በዓመት? እስከዚያ ማን ያየኛል?»

«እርስዎ ራስዎ፣ እመቤት ሚሉንካ። ትኩሳት ወይም ነጠብጣብ ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉልኝ። በቀጥታ ለእኔ።»

ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻት። ሚሉንካ ቁጥሩን እዚያው ስልኳ ላይ ከመዘገበች በኋላ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ፊት ለፊቷ ደወለች። የሐኪሟ ኪስ ውስጥ ሲጮህ ሰማችና፣ «ጥሩ» ብላ ተነሳች።